የደብረ ማርቆሱ ፋርማሲ መደርደሪያ እና የመድኃኒት ፈቃድ ሕግ

በደብረ ማርቆስ ከተማ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት የምመራው ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የግል ፋርማሲ ነው። ባለቤቲቱ ፋርማሲስት የራሳቸውም ሆነ የቤታቸው ስም በጽሑፍ እንዲወጣ ስላልወደዱ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ ከተማውን የሚያውቅ አንባቢ ግን ከገለጻው ሳይደርስበት አይቀርም። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የቤቱ ንጽሕና ወይም የዋጋው ነገር ብቻ አይደለም። በመደርደሪያው ላይ የሰፈረው መድኃኒትም ሆነ ከመደርደሪያው የታጣው መድኃኒት፣ የፈቃድ አሰጣጥ ሕግ የፋብሪካዎችን የፈጠራ ሥራ ወዴት እንደሚመራ በግልጽ የሚያሳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

አስቀድሜ አገልግሎቱን ልግለጽ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በረንዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ካርቶን ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ሽሮፕ በመስኮት በሚገባ ፀሐይ ተመትቶ አይታይም። ኢንሱሊን የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ የሙቀት መለኪያ አለው፤ ንባቡም ጠዋትና ማታ በደብተር ይመዘገባል። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥም፤ በዚህም ምክንያት ተቆጥቶ የሚወጣ ደንበኛ አይጠፋም። ፊደል ላልቆጠረ ሰው አወሳሰዱ የሚነገረው በሰዓት ቁጥር ሳይሆን ከቁርስ በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሲተኙ እየተባለ ነው፤ ተናጋሪዋም ገዢው መልሶ እስኪነግራቸው ድረስ መድኃኒቱን ከእጃቸው አይለቁም። ደንበኛው ሁሉ «ዶክተር» እያለ ይጠራቸዋል፤ እርሳቸውም ማረሙን ከተዉት ቆይተዋል።

ከጎዛምን ወረዳ የመጡ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ማዘዣቸውን ከሰጡ በኋላ «ልጄ፣ የውጩን ስጪኝ፤ ያገር ቤቱ አያሽልም ይባላል» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «አባባ፣ ሐኪሙ ያዘዘልዎት መድኃኒቱን እንጂ አገሩን አይደለም። ይኸኛውም ያኛውም ተመዝግቦ የገባ ነው፤ በዚህኛው ብር ይተርፍዎታል።» አዛውንቱ ጥቂት አመንትተው ርካሹን ይዘው ሄዱ። «ተመዝግቦ የገባ» የሚለው አነጋገር የሸክሙን ያህል አይደመጥም። በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 176፣ ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 661/2002፣ አሁን ደግሞ በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት አንድ መድኃኒት በአገሪቱ ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ፣ ፈዋሽነቱና ጥራቱ ተመርምሮ መመዝገብ አለበት። ይህንንም የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንሂድ። የአሞክሳሲሊን ካፕሱል በተለያየ ሣጥን፣ በተለያየ ቀለም፣ በተለያየ ኩባንያ ስም ጎን ለጎን ተደርድሯል፤ የሕንድ አለ፣ የአውሮፓ አለ፣ የአገር ውስጥም አለ። በውስጡ ያለው መድኃኒት ግን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በሕክምና ላይ የዋለው ያው አሞክሳሲሊን ነው። ይህን ያህል ቅጂ የበዛበት ምክንያት የተጠቃሚው ፍላጎት ብቻ ሳይሆን የምዝገባው ሥርዓት ጭምር ነው። ተመሳሳይ መድኃኒት የሚያመርት ፋብሪካ መድኃኒቱ በሽታን ማዳኑን በሺዎች በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ እንደገና እንዲያሳይ አይጠየቅም። ንጥረ ነገሩ፣ መጠኑና አወሳሰዱ ከነባሩ ጋር አንድ መሆኑን፣ ፋብሪካው የመልካም አመራረት ደንብን ማሟላቱን፣ መድኃኒቱ ተከማችቶ ሳይበላሽ መቆየቱን ያስረዳል። በአፍ ለሚወሰዱ ብዙ መድኃኒቶች ደግሞ ወደ ደም የሚገባው መጠንና ፍጥነት ከነባሩ ጋር መቀራረቡን፣ በስታቲስቲክስ አነጋገር የንጽጽሩ የመተማመኛ ክልል (እውነተኛው ውጤት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ከ80 እስከ 125 በመቶ ባለው ወሰን ውስጥ መውደቁን በጥናት ማሳየት ይኖርበታል።

ይህ አጭር መንገድ በዓለም ገበያ ላይ በስፋት የተከፈተው የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣውና በሴናተር ሐችና በተወካይ ዋክስማን ስም በሚታወቀው ሕግ ነው። ሕጉ ሁለቱንም ወገን ለማስማማት የሞከረ ነበር፤ ቅጂ አምራቹ ጥናቱን ሳይደግም እንዲገባ ሲፈቅድለት፣ አዲስ ንጥረ ነገር ላመጣው ኩባንያ ደግሞ ማስረጃውን ሌላ ሰው ለአምስት ዓመት እንዳይጠቀምበት ከለከለለት፤ በምርመራ ምክንያት ከባከነው የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ዘመንም ከፊሉን መለሰለት። አዛውንቱ አርሶ አደር ብር የተረፋቸው በዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ቅጂን የሚንቅ ሰው ጋር አልስማማም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ይኸውም የአገራችን ፋብሪካዎች ከቅጂው በር ሌላ የሚያንኳኩት በር የሌላቸው መምሰሉ ነው።

ከአሞክሳሲሊን ዝቅ ብሎ ያለው መደርደሪያ የጨጓራ መድኃኒት ነው፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ ጨጓራዬን የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ኦሜፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሁለተኛው በዋጋ ይበልጣል። ኦሜፕራዞልን የስዊድኑ አስትራ እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ አወጣው። ኢሶሜፕራዞል በአሜሪካ የተፈቀደው በ2001፣ የመጀመሪያው መድኃኒት የፓተንት ከለላ በሚያልቅበት ሰሞን ነበር። ኬሚስቶች እንደሚያውቁት ኦሜፕራዞል እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚተያዩ ሁለት ቅርጾች ድብልቅ ሲሆን፣ አዲሱ መድኃኒት ከሁለቱ አንዱ ለብቻው ተነጥሎ የወጣበት ነው። ለፈቃድ ከቀረቡት ማወዳደሪያዎች መካከል 40 ሚሊግራም የአዲሱን ከ20 ሚሊግራም የነባሩ ጋር ያጋጠሙ ነበሩባቸው፤ እጥፍ መጠን ከግማሹ ቢሻል የሚደንቅ አይደለም።

ኩባንያው ሕግ አልጣሰም፤ ሕጉ የጠየቀውን መለሰ። የፈቃድ ሕጉ አዲስ መድኃኒት እንደሚሠራ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ ገበያ ላይ ካለው ርካሽ መድኃኒት መብለጡን ግን እንደ ግዴታ አያስቀምጥም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት፣ ገንዘቡን የሚያሰላ ኩባንያ ባልታወቀ በሽታ ላይ ዓመታት ከሚያባክን የሚታወቀውን መድኃኒት በጥቂቱ ቀይሮ ቢያቀርብ ይመርጣል። የፋርማሲው ባለቤት በዚህ ረገድ የሚያደርጉት ያስመሰግናቸዋል፤ ማዘዣው ላይ ኢሶሜፕራዞል ሲመጣ የዋጋውን ልዩነት ለደንበኛው ይነግሩና ሐኪሙ ይስማማ እንደሆነ በስልክ ይጠይቃሉ። አትራፊ ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ ዝም ማለት ይሻላቸው ነበር።

የፈቃድ ሕግ ጥብቅነት ፈጠራን ይገድላል የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። ሕጉ ለምን እንደጠበቀ ግን መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት ዳይኤቲሊን ግላይኮል በተባለ መርዛማ ፈሳሽ በጥብጦ ሸጠ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ሕፃናት፣ ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ እንዲታይ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ከዚያም በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ የቀረበውን ታሊዶማይድ የተባለ የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒት ነፍሰ ጡሮች ወስደውት ከ10,000 የማያንሱ ሕፃናት አካላቸው ሳይሟላ ተወለዱ። በአሜሪካ ጉዳቱ በእጅጉ ያነሰው የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ የኩባንያውን ውትወታ ተቋቁመው ማስረጃው አልበቃኝም በማለታቸው ነበር። የ1962ቱ ማሻሻያ ደግሞ ከደኅንነት በተጨማሪ ፈዋሽነት በአግባቡ በተካሄደ ጥናት እንዲረጋገጥ አዘዘ።

ሳም ፔልትዝማን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት ከ1962ቱ ሕግ በኋላ በየዓመቱ የሚወጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ቁጥር ከግማሽ በታች መውረዱን አሳይተው፣ ሕጉ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል ብለው ደመደሙ። ቁጥሩ መውረዱ እውነት ነው። ተቺዎቻቸው ግን መቀነሱ ከሕጉ በፊት የጀመረ መሆኑንና ከጎደሉት ውስጥ ብዙዎቹ ፋይዳቸው አነስተኛ እንደነበር ተከራክረዋል። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ሌላ መዝገብ ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ ከ1938 እስከ 1962 የተፈቀዱት መድኃኒቶች ወደ ኋላ ተመልሰው ሲመረመሩ፣ እስከ 1984 ድረስ ውሳኔ ከታየላቸው 3,443 ምርቶች 1,051ዱ አይሠሩም ተብለዋል። ከሦስቱ አንዱ ያህል ማለት ነው። ያ ሁሉ የፈጠራ ብዛት ሲቆጠር የኖረው በከፊል ከንቱ ነገር ነበር፤ ቁጥር ብቻ እያዩ ስለ ፈጠራ መፍረድ ያሳስታል የምለውም ለዚህ ነው።

ወጪው ከባድ መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት አንድን አዲስ መድኃኒት ለገበያ ለማብቃት መካከለኛው ወጪ ከከሸፉት ሙከራዎች ጋር ተደምሮ 985 ሚሊዮን ዶላር ያህል መሆኑን ገምቷል፤ ከፍ ያለ ቁጥር የሚያቀርቡም አሉ። ይህን የሚያህል ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ ገዢ ወዳለበት ይሄዳል። በጎጃም ቆላ የሚታመመው ሰው ደግሞ ገዢ ተብሎ አይቆጠርም።

ከመደርደሪያው ስለታጡት መድኃኒቶች ልናገር ያልኩት ይህ ነው። በጣና ዙሪያና በመስኖ ቀበሌዎች የሚኖሩ ልጆች ቢልሃርዚያ ይይዛቸዋል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገኘ ሲሆን፣ በዘመቻ የሚሰጠው ለትምህርት ዕድሜ ለደረሱት ነው፤ ፍሬው ትልቅና እጅግ መራራ ስለሆነ ሕፃን አይውጠውም። ፋርማሲው ውስጥ ያለውም ይኸው ትልቁ ፍሬ ነው። ከሦስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ተብሎ በውኃ የሚሟሟ፣ ምሬቱ የቀነሰ፣ ሙቀት የሚችል አርፕራዚኳንቴል የተባለ ዓይነት የተዘጋጀው የጀርመኑ መርክ ከሌሎች ተቋማት ጋር በመሠረተው ኅብረት ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በጎ አስተያየት ሰጠው፤ አስተያየቱም የተሰጠው ከአውሮፓ ውጭ ላሉ ሕሙማን የታሰቡ መድኃኒቶችን ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ በሚመረምርበት የተለየ አሠራር ነው። ምርመራው አልላላም። ገበያ ለሌለው መድኃኒት የተዘጋጀ በር ግን ነበረ፤ የፈቃድ ሕግ ለፈጠራ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ሌላው ምሳሌ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውና ካልታከመ የሚገድለው ካላዛር ነው። ከጎጃም ወረዳዎች ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ይህን በሽታ ይዘው ይመለሳሉ። ዛሬም የሚወጉት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ አንቲሞኒ ከተባለ ማዕድን የሚሠራ መድኃኒት ሲሆን፣ ፓሮሞማይሲን ከተባለ አንቲባዮቲክ ጋር ለ17 ቀናት ይሰጣል። የአሜሪካ ምክር ቤት እንዲህ ላሉ ችላ ለተባሉ በሽታዎች እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ዘዴ አወጣ፤ ለእነዚህ በሽታዎች መድኃኒት ያስፈቀደ ኩባንያ ሌላ ማንኛውንም መድኃኒቱን በአሥር ወር ፈንታ በስድስት ወር የሚያስመረምርበት የቅድሚያ ሰነድ ይሰጠዋል፤ ሰነዱንም መሸጥ ይችላል። በ2014 ለካላዛር የሚዋጠው ሚልቴፎሲን በዚሁ መንገድ ተፈቀደ፤ ያስፈቀደው ኩባንያም ሰነዱን በ125 ሚሊዮን ዶላር ጊሊያድ ለተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ሸጠው። ነገር ግን ሚልቴፎሲን በህንድ በ2002 ተመዝግቦ ነበር። ሽልማቱ የተከፈለው ለአዲስ ግኝት ሳይሆን ለአሮጌ ዶሴ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሽልማቱ ቢከፈልም መድኃኒቱ ለሕሙማኑ በቀላሉ አልደረሰም በማለት ብዙዎች አማረሩ። በ2017 ሕጉ ተሻሽሎ አዲስ የክሊኒክ ጥናት ያላቀረበ እንዳይሸለም ተደረገ። በአንጻሩ በ2018 ዓይን ለሚያሳውረው የኦንኮሰርኪያሲስ በሽታ የተፈቀደው ሞክሲደክቲን፣ ከዚያ በፊት የእንስሳት መድኃኒት ብቻ የነበረውን ለትርፍ ያልተቋቋመ አንድ የአውስትራሊያ ድርጅት ለሰው አብቅቶ ያስፈቀደው ነው። ዘዴው አንዱ ነው፤ ውጤቱ ሁለት ዓይነት ሆነ።

ደንበኞች አዘውትረው የሚጠይቁትና ፋርማሲው የማይሸጠው የባህል መድኃኒት ነው። ያልተመዘገበ ቅባትም ሆነ ዱቄት ከባንኮኒው በላይ አይወጣም፤ ለኮሶ በሽታም ኮሶ ሳይሆን ፋብሪካ የሠራው ፍሬ ይሰጣል። አቋማቸውን እደግፋለሁ፤ በዕውቀት ረገድ ባዶ የሆነ አገር ግን አይደለንም። የፈቃድ ደንብ የአገር ዕውቀትን ምን ያህል ሊያዘገይ እንደሚችል የእንዶድ ታሪክ ያሳያል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም ለብዙ ዓመታት መረመሩት። እንዶድ የሚዋጥ መድኃኒት ሳይሆን ቀንድ አውጣ ገዳይ ቢሆንም፣ በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ደንብ መሠረት የተሠራ የመርዛማነት ጥናት ይቅረብ የሚለው ጥያቄ በሥራው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ጥናቱን በዚያ ደንብ ለመሥራት የሚያስችል ላቦራቶሪና ገንዘብ ግን በአገር ውስጥ አልነበረም። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ፤ እንዶድ ግን እስከ ዛሬ የተመዘገበ ምርት ሆኖ በዚህ መደርደሪያ አልተቀመጠም።

በአገራችን የፈጠራ ባለቤትነት ሕግ የለም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 123/1987 አለ፤ ለአሥራ አምስት ዓመት ፓተንት ይሰጣል፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ እየተሠራበት ከሆነ አምስት ዓመት ይጨምራል። ችግሩ ከፓተንቱ በኋላ ያለው ነው። ጥሬ ዕቃውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውጭ የሚያመጣ የአገር ውስጥ ፋብሪካ አዲስ አቀማመር ቢያስብ፣ ለምሳሌ ለሕፃናት የሚሟሟ ፍሬ ልሥራ ቢል፣ ጥናቱን በውጭ ምንዛሪ ማስጠናት፣ ዶሴውን ማዘጋጀት፣ ውሳኔውን መጠበቅ ይኖርበታል፤ በዚያው ጊዜ አሞክሳሲሊን ማሸጉ ዕለት በዕለት ያስገባለታል። የአሜሪካው የፈቃድ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ከኩባንያዎች ክፍያ መቀበል ሲጀምር የምርመራ ቀነ ገደብ እንዲያከብር ተጠይቆ ነበር። ከዚያ የምንወስደው ትምህርት የማስረጃውን ልክ ማሳነስ አይደለም፤ አመልካቹ ምን እንደሚጠየቅና መቼ እንደሚመለስለት አስቀድሞ ማወቁ ነው። ለጥቂት አገር በቀል በሽታዎች የተለየ ወረፋና ዝቅ ያለ ክፍያ ቢኖር ባለሥልጣኑ ከጥብቅነቱ አንዳች ሳይጎድልበት ፋብሪካዎቹን ወደ ሌላ ሥራ ሊስብ ይችላል የሚል እምነት አለኝ።

ወደ ፋርማሲው ስመለስ፣ ጉድለቶቹን ሳልጠቅስ ባልፍ ግምገማው ጎዶሎ ይሆናል። ስለ ሕመም የሚነገረው ሁሉ ሰልፈኛው እየሰማ ነው፤ መጋረጃ ወይም ጥግ የለም፣ የአባላዘር በሽታ መድኃኒት የሚገዛ ወጣት ማዘዣውን አጣጥፎ ሲያቀብል አይቻለሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ እዚህ አይሠራም፤ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ወይም በስልክ ነው። መንገድ ሲዘጋ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ያልቃል፤ በዚህ ጊዜ ባለቤቲቱ ለቋሚ ደንበኞች በጥቂት በጥቂቱ ያከፋፍላሉ፤ አዲስ የመጣ ሰው ግን ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ዋጋው ከከተማው መካከለኛ ነው፤ ከቀይ መስቀል ወይም ከመንግሥት ፋርማሲ ይወደዳል፣ ከሌሎቹ የግል ቤቶች ይረክሳል።

ለሚሄድ ሰው፣ የቀድሞውን መድኃኒት ባዶ ሣጥን ይዞ ቢሄድ ሥራው ይፈጥንለታል፤ ንጥረ ነገሩን ከሣጥኑ አንብበው በርካሽ ዋጋ የተመዘገበ ተመሳሳይ ካለ ያሳዩታል። በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ወረፋው ስለሚረዝም ምክር የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል። እሑድ እስከ ቀትር ብቻ ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት ያስፈለገው ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ መሄድ ይኖርበታል።